ውሻችሁ «ድኛለሁ» ቢላችሁ አትመኑት

ውሻ ተመክኖ ወይም ተኮላሽቶ ቤት ሲገባ ሁሉም ሰው የሚፈራው የመጀመሪያዋን ሌሊት ነው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ውሻዬን ቡቺን አስመክኜ ከሐኪም ቤት ያመጣኋት ቀን ማታ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ወለሉ ላይ ፍራሽ አንጥፌ አጠገቧ ተኛሁ። በየሰዓቱ እየነቃሁ ደረቷ ከፍ ዝቅ ማለቱን አይ ነበር።

በሦስተኛው ቀን በደንብ መብላት ጀመረች። በአምስተኛው ቀን ጭራዋን እየቆላች በር ላይ ተቀበለችኝ። «ተገላገልን!» አልኩና ቁስሏን እንዳትልስ አንገቷ ላይ የተደረገላትን የፕላስቲክ ኮን አወለቅኩላት። እሷም ደስታዋን አልቻለችውም፤ ሳሎኑን ሁለት ጊዜ ዞረችው፣ ሶፋው ላይ ዘለለች፣ ወረደች፣ እንደገና ዘለለች። እኔም ቆሜ እስቃለሁ። በማግስቱ ጠዋት ከስፌቱ ሥር እንቁላል የሚያክል እብጠት አገኘሁ።

እብጠቱ የከፋ ነገር ሆኖ አልተገኘም፤ በኋላ እመለስበታለሁ። ግን አንድ ነገር አስተማረኝ። የመጀመሪያዋ ሌሊት የምትከብደው ለባለቤቱ ነው። ለቁስሉ የሚከብደው ውሻው ደህና መስሎ የሚነሳበት ቀን ነው፤ ከአራተኛውና ከአምስተኛው ቀን ጀምሮ ያለው ጊዜ።

ውስጥ ምን ተሠራ?

ውስጥ የተደረገውን ያወቀ ሰው ውጭ በሚያየው ነገር ቶሎ አይደነግጥም። ስለዚህ ከዚህ እንነሳ።

በወንድ ውሻ፣ ሐኪሙ አብዛኛውን ጊዜ ከቆለጥ ከረጢቱ ፊት ለፊት ቆዳውን በትንሹ ይከፍትና ሁለቱንም ቆለጦች በዚያች ክፍተት ያወጣቸዋል። የደም ሥሮቹንና የዘር ቱቦውን አጥብቆ ያስርና ይቆርጣል። ከረጢቱን ግን ብዙ ጊዜ አይነካውም። ለዚህ ነው አንዳንድ ባለቤት ውሻውን ቤት አስገብቶ ከኋላው ሲያየው «ይሄ ውሻ አልተኮላሸም እኮ!» ብሎ የሚደውለው። ባዶው ከረጢት ለጥቂት ቀናት አብጦ ስለሚቆይ ውስጡ ነገር ያለ ይመስላል። ቀስ እያለ ይሸበሸባል።

የሴቷ ጉዳይ ከበድ ይላል። ሆድ ነው የሚከፈተው። ሐኪሙ መሐል ለመሐል ቆዳውን ይቀድዳል፤ ከዚያ የግራና የቀኝ የሆድ ጡንቻዎች የሚገናኙባትን ነጭ መስመር ይከፍታል። እዚያ ቦታ ላይ ደም ሥር ብዙም ስለሌለ ብዙ አይደማም። እንቁልጢዎቹን (እንቁላል የሚያመነጩትን እጢዎች) ብቻ፣ ወይም እንቁልጢዎቹን ከነማህፀኑ ያወጣና ይዘጋል። አዘጋጉ ድርብርብ ነው፦ ከታች የሆድ ግድግዳው፣ ከእሱ በላይ ከቆዳ ሥር ያለው ስብና ሥጋ፣ መጨረሻ ላይ ቆዳው። እናንተ የምታዩት ላይኛውን ብቻ ነው። ሸክሙን የያዘው ግን ታችኛው ነው። ውሻዋ ስትዘል፣ ስታስነጥስ፣ ስታምጥ አንጀትን ወደ ውጭ እንዳይወጣ የሚያቆመው እሱ ነው።

በካሜራ የሚሠራ ቀዶ ሕክምናም አለ። ቀዳዳዎቹ ትናንሽ ስለሆኑ ሕመሙ ይቀንሳል። የወንዱ አንድ ቆለጥ ሳይወርድ ሆድ ውስጥ ቀርቶ ከነበረ ደግሞ የእሱም ሆድ ይከፈት ይሆናል፤ ያኔ እንክብካቤው እንደ ሴቷ ነው።

ሁለት ሰዓቶች

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ውሻው ውስጥ ሁለት ሰዓቶች ይሠራሉ፤ የሕመሙ ሰዓትና የቁስሉ ሰዓት። አብረው አይሄዱም።

የሕመሙ ሰዓት ፈጣን ነው። የመጀመሪያው ቀን ከባድ ነው፣ ሁለተኛው ይሻላል፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን ብዙ ውሾች ምንም እንዳልተደረጉ ይሆናሉ። ወንዶቹማ አንዳንዶቹ በማግስቱ ኳስ ይዘው ይመጣሉ።

የቁስሉ ሰዓት ግን አይቸኩልም። በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ሰውነት የሚሠራው ጽዳት ነው። ነጭ የደም ሴሎች ወደ ቦታው ይጎርፋሉ፣ የሞተውን ሥጋ ያነሳሉ፣ የገባ ባክቴሪያ ካለ ይበላሉ። መቅላቱና ማበጡ ከዚህ የመጣ ነው። ከዚያ ሌሎች ሴሎች ይመጡና ኮላጅን የሚባለውን ጠንካራ የፕሮቲን ክር መፍተል ይጀምራሉ። እስከዚያ ድረስ ሁለቱን ጠርዞች አንድ ላይ የያዘው የሐኪሙ ክር ነው ማለት ይቻላል። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ቆዳው ይዘጋል፣ ያምራልም። ጥንካሬው ግን ካልተነካ ቆዳ ጋር ሲነጻጸር ገና ከአምስት አንድ እጅ አይበልጥም። ወራት አልፈው ሙሉ በሙሉ የዳነ ጠባሳ እንኳ ከድሮው ቆዳ ጥንካሬ 80 በመቶ ገደማ ላይ ይቆማል።

እንግዲህ አምስተኛውን ቀን አስቡት። የሕመሙ ሰዓት «አልቋል» ይላል፤ የቁስሉ ሰዓት ገና ፈትሉን እየጀመረ ነው። ውሻው የሚሰማው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሁለተኛውን የሚሰማለት እናንተ ናችሁ። ከ10 እስከ 14 ቀን አርፎ ይቀመጥ የሚባለውም በዚህ ምክንያት ነው።

የመጀመሪያዋ ሌሊት

ማደንዘዣው ከሰውነት ሙሉ በሙሉ እስኪወጣ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ሊወስድ ይችላል። በዚህ ጊዜ ውሻው ይንገዳገዳል፣ ይፈዝዛል፣ ቆሞ ግድግዳ ያያል። ያለቅሳልም። ይሄ ልቅሶ ብዙ ሰው ያስጨንቃል። ሁልጊዜ የሕመም አይደለም። መድኃኒቱ ራሱ ግራ ያጋባዋል፤ ከቅዠት እንደነቃ ሰው ማለት ነው። አጠገቡ ተቀምጣችሁ ድምፃችሁን ስትሰጡት የሚረጋጋ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ግራ መጋባት ነው። ምንም ብታደርጉለት የማይረጋጋ ከሆነ፣ መተኛት ጀምሮ የሚነሳ ከሆነ፣ ሆዱን ሲነኩት የሚሸሽ ከሆነ ግን ሕመሙ ስላልታገሰለት ደውሉ።

ማደንዘዣ የሰውነት ሙቀትንም ያወርዳል። መሬት ላይ ሙቅ አንጥፉለት፣ ልብስ ካለው አልብሱት። በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ምንጣፍ ወይም የፈላ ውሃ የያዘ ጠርሙስ አታስጠጉበት፤ የደነዘዘ ውሻ ሲያቃጥለው ተነስቶ አይሸሽም። አልጋና ሶፋ ላይ አታስተኙት፣ ይወድቃል። ደረጃ ካለ ዝጉት። ልጆችና ሌሎች ውሾች በዚያች ሌሊት ርቀው ይደሩ። የዋህ የተባለ ውሻም ቢሆን ገና ከሰመመን ሳይወጣ ድንገት ሲነኩት ሊናከስ ይችላል።

ውሃ በትንሽ በትንሹ ስጡት። ምግብም ማታ ከተለመደው ሩብ ወይም ግማሽ ይበቃዋል። ባይበላም በዚያች ሌሊት አታስገድዱት። አንድ ጊዜ ቢያስመልስ ብዙም አያስደነግጥም። በማግስቱ ግን ፍላጎቱ መመለስ መጀመር አለበት።

ሦስት ነገሮች ደግሞ ማንም ሳይነግራቸው ቀርቶ ሰዎች በከንቱ ይሸበራሉ። አንደኛ፣ ሳል። ማደንዘዣው የሚሰጠው በጉሮሮ በገባ ቱቦ ስለሆነ ጉሮሮው ይቆጣል፤ ለአንድ ሁለት ቀን ሊስል ይችላል። ሁለተኛ፣ የፊት እግሩ ላይ የተላጨች ቦታ። መርፌ የገባባት ናት። ሦስተኛ፣ አይነ ምድር መጥፋቱ። ጾሞ ነው የሄደው፣ አንጀቱም በመድኃኒት ዘግይቷል፤ ሁለት ሦስት ቀን ባይወጣ አያስገርምም። ሽንት ግን ሌላ ነው። አንድ ሙሉ ቀን ካልሸና ለሐኪሙ ንገሩት።

ማስታገሻው

ብዙ ጊዜ ለጥቂት ቀናት የሚሰጥ ማስታገሻ ይዛችሁ ትመጣላችሁ። ካርፕሮፌንና ሜሎክሲካም የተለመዱት ናቸው። የታዘዘው በውሻው ክብደት ስለሆነ «ትንሽ ልጨምርለት» አይባልም። ከምግብ ጋር ይሰጣል። ጨጓራን ስለሚቆጣ ማስታወክ፣ ተቅማጥ ወይም ጥቁር ሬንጅ የመሰለ አይነ ምድር ካያችሁ አቁማችሁ ደውሉ።

የሰው ማስታገሻ ግን በጭራሽ። ይህን አጥብቄ የምናገረው ስህተቱ የሚሠራው በደግነት ስለሆነ ነው። ሌሊት ነው፣ ውሻው ያቃስታል፣ መሳቢያ ውስጥ አይቡፕሮፌን አለ፤ «ግማሿን ብሰጠው ምን አለበት?» ይባላል። አለበት። አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክና መሰሎቻቸው ሕመምን የሚቀንሱት ፕሮስታግላንዲን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች እንዳይመረቱ በማገድ ነው። እነዚሁ ንጥረ ነገሮች ግን የጨጓራን ግድግዳና ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደምም ይጠብቃሉ። የውሻ ሰውነት ለሰው የተሠሩትን እነዚህን መድኃኒቶች ከሰው በባሰ ሁኔታ ነው የሚቀበላቸው፤ ጨጓራው ይቆስላል፣ ኩላሊቱ ይደክማል። ቀድሞ የተሰጠው የሐኪሙ ማስታገሻ ካለ ደግሞ አንዱ በአንዱ ላይ ይደረባል። ፓራሲታሞልም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጥም፤ መጠኑ ሲያልፍ ጉበት ይጎዳል፣ ደም ኦክስጅን የመሸከም አቅሙን ያሳጣል።

በተቃራኒው የሚሳሳቱም አሉ። «ካመመው አርፎ ይተኛል» ብለው ማስታገሻውን የሚያስቀሩ። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ሐኪሞችም አይስማሙም። ሕመም ውሻን አያሳርፈውም፤ እንቅልፍ ያሳጣዋል፣ ምግብ ያስጠላዋል፣ ቁስሉን እንዲልስ ይገፋፋዋል። እንቅስቃሴው መገደብ ያለበት በማሰሪያና በተዘጋ በር ነው። ጨርሶ የማይቀመጥ ቀበጥባጣ ውሻ ካላችሁ ሐኪሙን የሚያረጋጋ መድኃኒት ጠይቁት። እንደ ትራዞዶን ያሉ ለዚሁ የሚታዘዙ አሉ።

ሕመም ውሻ ላይ እንዴት ይታወቃል? ውሻ ሲያመው ሁልጊዜ አይጮህም። ሳይሮጥና ሳይሞቀው ያለከልካል። ጀርባውን ያጎብጣል። ተቀምጦ ይቀራል፣ መተኛት ይፈልግና ሆዱ መሬት ሊነካ ሲል ይነሳል። ወይም ደግሞ ጭራሽ ይደበቃል። ቡቺ በመጀመሪያዋ ሌሊት ግማሽ ሰዓት ያህል እንደ ሐውልት ተቀምጣ ዓይኗ ሲከደን፣ ራሷ ሲወድቅ፣ ደንግጣ ስትነቃ አይቻታለሁ። ድምፅ አላሰማችም። በኋላ ነው የገባኝ፤ መተኛቱ ራሱ ያማት ነበር።

አንቲባዮቲክ ካልታዘዘላችሁ «ረስተውት ነው» አትበሉ። በንጽሕና የተሠራ፣ ያልተመረዘ ቁስል ብዙ ጊዜ አያስፈልገውም። ከዚህ በፊት የተረፈ ካለም አትስጡት።

ያ አስቀያሚ ኮን

የፕላስቲኩ ኮን ላይ የማይስቅ የለም። ውሻው በር ይገጫል፣ እግራችሁን ከኋላ ይመታል፣ ሳህኑን ይደፋል፣ በታላቅ ሐዘን ያያችኋል። ልባችሁ ይራራል። ሥራው የሚፈርሰውም እዚህ ላይ ነው።

«የውሻ ምራቅ መድኃኒት ነው» የሚል የቆየ እምነት አለ። ምራቁ ባክቴሪያን በጥቂቱ የመከላከል ኃይል የለውም ማለት አይደለም። ግን ያው አፍ ራሱ በባክቴሪያ የተሞላ ነው። ምላሱም ቁስሉን ይፈትጋል፤ እርጥበቱም አዲሱን ቆዳ ያላላዋል። ከምላሱ የሚብሱት ደግሞ የፊት ጥርሶቹ ናቸው። ውሻ ቁንጫ ሲፈልግ ቆዳውን እንዴት ቶሎ ቶሎ እንደሚነክስ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንደዚያ አድርጎ ስፌት ለመፍታት ደቂቃዎች ይበቁታል። ቁስል ሲድን ያሳክካል፤ ማሳከኩ ደግሞ የሚበረታው ውሻው «የዳነ» በሚመስልበት በዚያው በሁለተኛው ግማሽ ነው።

ስለዚህ ኮኑ ቀንም ሌሊትም ይደረግ። በተለይ ሌሊት፤ እናንተ ተኝታችሁ እሱ ሥራ ፈት የሚሆንበት ሰዓት ነው። ልኩን እንዲህ እዩት፦ ከአፍንጫው ጫፍ ጥቂት ሴንቲ ሜትር አልፎ መሄድ አለበት፤ በአንገቱና በማሰሪያው መካከል ሁለት ጣት መግባት አለበት። ጣት ካልገባ ያንቀዋል፣ ከዚያ በላይ ከላላ በእግሩ ገፍቶ ያወልቀዋል። ከዚያ አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ ሲጠቀለል እዩት። አፍንጫው ስፌቱ ጋ ከደረሰ ኮኑ አጭር ነው፣ ነገሩ አለቀ።

ሲበላ አጠገቡ ቆማችሁ ልታወልቁለት ትችላላችሁ። አጠገቡ ስል አጠገቡ ማለቴ ነው፤ ስልክ አነሳለሁ ብላችሁ ወደ ሌላ ክፍል ከሄዳችሁ መልሱለት። የሚነፋ ቀለበትም አለ፤ ረጅም አፍ ያለው ውሻ ግን በላዩ አልፎ ይደርሳል። እንደ ልብስ የሚለበሰው ለሆድ ቁስል ጥሩ ነው፤ ከረጠበ መቀየር አለበት፣ ጨርቁን የሚያኝክ ውሻ ላይም አይሠራም።

ቁስሉን ማየት

በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ፣ ብርሃን ባለበት። ውሻውን በጎኑ አስተኝታችሁ እዩ እንጂ አትንኩ። በየቀኑ በአንድ ሰዓት ፎቶ ብታነሱት ትልቅ ውለታ ይሆንላችኋል። «ትናንት እንዲህ ቀልቶ ነበር?» ለሚለው ጥያቄ ትዝታ አይታመንም፣ ፎቶ ይታመናል። ለሐኪሙም ይላካል።

ደህና ቁስል ጠርዞቹ የገጠሙ ናቸው። ዙሪያው ቀላ ያለ፣ ትንሽ ያበጠ፣ አንዳንዴም የበለዘ ይሆናል። በመጀመሪያው ቀን ሮዝ መሰል ፈሳሽ ጠብ ጠብ ሊል ይችላል። ከዚያ በኋላ በየቀኑ እየደረቀና እየደበዘዘ መሄድ አለበት። ዋናው ነገር አቅጣጫው ነው። ሁለተኛ ቀን ላይ ያለ መቅላት ምንም አይደለም፤ ሁለተኛ ቀን ላይ ያልነበረ፣ ስድስተኛ ቀን ላይ የመጣ መቅላት ግን ያሳስባል። መግል፣ መጥፎ ሽታ፣ ሙቀት፣ የሚከፈት ጠርዝ፣ የማያቆም ደም ካለ ሳታድሩ ለሐኪም አሳዩ።

የቡቺ እንቁላል ምን ነበር? ሴሮማ ይባላል። ስፌቱ ሥር ያሉት ንብርብሮች በእንቅስቃሴ ብዛት እርስ በርስ ሲፋተጉ መሐላቸው ክፍተት ይፈጠራል፤ ክፍተቱ ውስጥ ጥርት ያለ ፈሳሽ ይጠራቀማል። ለስላሳ ነው፣ ብዙም አያምም። አብዛኛውን ጊዜ ውሻው ካረፈ ሰውነት በሳምንታት ውስጥ መልሶ ይመጠዋል። አትጭመቁት፣ በመርፌም አትውጉት፤ ንጹሕ ፈሳሽ ውስጥ ባክቴሪያ የምታስገቡት በራሳችሁ እጅ ነው። ለሐኪም ማሳየት ግን የግድ ነው። ከውጭ ሲታይ የሆድ ግድግዳው ስፌት ተከፍቶ ስብ ወይም አንጀት ከቆዳ ሥር ከገባበት እብጠት ጋር ሊመሳሰል ይችላልና። ያኛው እንደገና ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ነው። በወንዶች ደግሞ ከረጢቱ በደም ተሞልቶ ጠንክሮና ጠቁሮ ማደግ ከጀመረ፣ የታሰረ ደም ሥር እየደማ ይሆናል።

ማጽዳት? አያስፈልግም። አልኮል፣ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ፣ ዱቄት፣ ቅባት፣ ከቤት የተቀመመ ምንም ነገር አታድርጉበት። ፐሮክሳይድ አረፋ ሲያወጣ «እያጸዳ ነው» ያስብላል። የሚገድለው ግን ባክቴሪያውን ብቻ ሳይሆን ያን ክር የሚፈትሉትን አዲስ ሴሎችም ነው። ገላ መታጠብና መዋኘትም እስከ 14ኛው ቀን ይቆይ። ጭቃ ከነካው በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ዙሪያውን ጠረግ አድርጉ፣ በቃ።

የደላው እስረኛ

ሁለት ሳምንት አለመሮጥ ለወጣት ውሻ ረጅም እስር ነው። የሚወጣው ለሽንትና ለአይነ ምድር ብቻ፣ በአጭር ማሰሪያ፣ ለጥቂት ደቂቃ። ግቢው የታጠረ ቢሆንም በማሰሪያ። አጥር ውሻን ከመሮጥ አያግደውም፤ አንዲት ድመት ካየ ይበቃዋል።

ቤት ውስጥ ትንሽ ክፍል ወይም የለመደው ሳጥን ካለ እዚያ ይሁን። የሚያንሸራትት ወለል ላይ ምንጣፍ ዘርጉ፤ እግር ሲከዳ ሆድ ይወጠራል። መኪና ውስጥ ራሱ አይዝለል፣ አንሱት። ስታነሱትም አንድ ክንድ ከደረቱ ፊት፣ አንድ ክንድ ከኋላ እግሮቹ ጀርባ። ሆዱን አቅፋችሁ አታንሱ።

ያልወጣውን ጉልበት በአፍንጫውና በጭንቅላቱ አድክሙት። ምግቡን በሳህን ከመስጠት ፈንታ በተጠቀለለ ፎጣ እጥፋት ውስጥ በትኑለትና ፈልጎ ያውጣ። የሚላስ ምግብ በረዶ አድርጋችሁ ስጡት። ቁጭ በል፣ ጠብቅ፣ እጅ ንካ የመሳሰሉትን በአምስት አምስት ደቂቃ አስተምሩት። ሩብ ሰዓት ያሸተተና ያሰበ ውሻ ተኝቶ ታገኙታላችሁ። ሌላ ውሻ ቤት ውስጥ ካለ ለዩዋቸው። አብረው የሚተኙ ወዳጆች ቢሆኑም፣ ያኛው ቁስሉን ሊልስለት ይችላል፤ ኮን ደግሞ ከሌላ ውሻ ምላስ አያድንም።

ወዲያው የሚኬድበት

አንድ ነገር ዛሬውኑ ተለማመዱ። ከንፈሩን ገልጣችሁ ድዱን በጣት ጫን አድርጉና ልቀቁ። ነጭ ይሆንና በሁለት ሰከንድ ውስጥ ወደ ሮዝ ይመለሳል። ድዱ በተፈጥሮ ጥቁር ከሆነ የታችኛውን የዓይን ቆብ ውስጡን እዩ። ጤነኛው ቀለም ምን እንደሚመስል ካላወቃችሁ የገረጣውን አትለዩትም።

ድዱ ከነጣ፣ ውሻው ከዛለ ወይም ከወደቀ፣ ሆዱ ከተነፋ፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ካለ፣ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ሊሆን ስለሚችል አንድ ደቂቃም አትጠብቁ። ከቁስሉ ሥጋ መሰል ነገር ብቅ ካለም እንዲሁ፤ መልሳችሁ ለማስገባት አትሞክሩ፣ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ሸፍናችሁ፣ እንዳይልስ ይዛችሁ ሩጡ። ደጋግሞ ማስታወክ፣ ከአንድ ቀን በላይ ምግብ መከልከል፣ ቀን በቀን መዛል ደግሞ በዚያው ዕለት የሚደወልባቸው ናቸው። የውሻ ጤናማ ሙቀት ከ38.3 እስከ 39.2 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። በእጅ ዳስሳችሁ «ትኩሳት አለው» አትበሉ፣ ውሻ ከእኛ ይሞቃል። በቴርሞሜትር 39.5 ካለፈ ደውሉ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ

ክሩ ከውጭ የሚታይ ከሆነ ከ10 እስከ 14 ባለው ቀን ሐኪሙ ያወጣዋል። ከቆዳ ሥር የተቀበረ ከሆነ ራሱ ይሟሟል፤ ለጊዜው እንደ ትንሽ ጠጠር በጣት ሊዳሰስ ይችላል። ከዚያ በኋላም ሩጫው በአንድ ጊዜ አይፈቀድም። መጀመሪያ በማሰሪያ ረዘም ያለ ጉዞ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ።

ወንዱን የሚመለከት አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ቆለጡ ወጣ ማለት በዚያው ቀን መከነ ማለት አይደለም። በቱቦዎቹ ውስጥ የቀረ ዘር ስላለ ለጥቂት ሳምንታት ሊያስረግዝ ይችላል። ቢያንስ ለአንድ ወር፣ ቢቻል ለስድስት ሳምንት፣ ወንድ ከምትፈልግ ሴት ውሻ አርቁት። ጠባዩም በአንድ ሌሊት አይለወጥም። ሆርሞኑ ቶሎ ይወርዳል፣ ልማድ ግን ይዘገያል። በየግድግዳው መሽናት የዓመታት ልምዱ ከሆነ ሊቀንስ ይችላል እንጂ ላይጠፋ ይችላል። ሴቷ ደግሞ አንዳንዴ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ጡቷ አብጦ፣ አሻንጉሊት እንደ ቡችላ ታቅፋ ልታገኟት ትችላላችሁ። የሐሰት እርግዝና ነው። በሆርሞን መለዋወጥ የሚመጣ ሲሆን ብዙ ጊዜ በራሱ ያልፋል፤ ጡቷን አትለቡ፣ ባለባችሁ ቁጥር ወተቱ ይጨምራል።

ብዙ ሰው የሚረሳው የምግቡን ነገር ነው። የተመከነ ወይም የተኮላሸ ውሻ የሚያስፈልገው ኃይል ከ20 እስከ 30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። የምግብ ፍላጎቱ ግን ይጨምራል። ሳህኑን ልሶ ዓይን ዓይናችሁን ያያል። ቁስሉ እንደዳነ መጠኑን ቀንሱና በየሁለት ሳምንቱ መዝኑት። የጎድን አጥንቶቹ በእጅ ሲዳሰሱ የሚቆጠሩ፣ ከሩቅ ሲታዩ ግን የማይቆጠሩ ከሆነ ልኩን ይዟል።

ቡቺ በድጋሚ ኮኗን አድርጋ፣ በአጭር ማሰሪያ፣ ፊቷን አኮሳትራ ሌላ ሦስት ሳምንት ተቀመጠች። እንቁላሏ ወደ ዋልኑት፣ ከዚያ ወደ ባቄላ፣ ከዚያ ወደ ምንም ሆነች። የተላጨው ጸጉሯ ግን እስኪሞላ ወራት ፈጀ፤ ሆዷ ላይ በቀለ፣ ትንሽ ጠቆር ብሎ።